አዲስ የተነደፈ መኪና ውስጣዊ ስፋትና የእግር ቦታ እንዴት ይፈተሻል

አንድ የመኪና ሞዴል በአዲስ መልክ ተነድፎ ሲቀርብ ከቀድሞው ይልቅ ሰፊ መሆኑ አብሮ ይነገርለታል። ገዢውም በዝርዝር መግለጫው ላይ «የኋላ የእግር ቦታ» ከሚለው ሐረግ ጎን የተጻፈውን ቁጥር ከሌላ መኪና ቁጥር ጋር አስተያይቶ ይወስናል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚለካው ገዢው ይለካል ብሎ የሚያስበውን ነገር አይደለም። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱ የት እንደሚደርስ በእርግጥ የሚታወቀው፣ የፊተኛው ወንበር መኪናውን ዘወትር ለሚነዳው ሰው በሚመች ልክ ከተስተካከለ በኋላ ከዚያው ወንበር ኋላ ተቀምጦ በመፈተሽ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የማቀርበው መመሪያ በዚሁ ፍተሻ ላይ ያተኩራል።

ይህን የምጽፈው ራሴ ተሳስቼ ስለተማርኩት ነው። ከዓመታት በፊት በአዲስ መልክ የተሠራ ሴዳን ስገዛ መግለጫውን ደጋግሜ አንብቤያለሁ፤ በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬም ነድቼዋለሁ፤ የኋላውን ክፍል ግን በሩን ከፍቼ ከማየት አልፌ አልተቀመጥኩበትም። ረጅም መንገድ በሄድንበት የመጀመሪያ ቀን ቁመታቸው ዘለግ ያለው አባቴ ከእኔ ኋላ ተቀመጡ። ከአምስት ሰዓት ጉዞ በኋላ ሲወርዱ የበሩን ጠርዝ ይዘው ለጥቂት ጊዜ ቆሙና ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ማሸት ጀመሩ። ጎንበስ ብዬ የወንበሬን ጀርባ በእጄ ስዳብሰው፣ ጉልበታቸው ተጭኖት በቆየው ቦታ ላይ ከስሱ ጨርቅ ሥር ጠንካራ ፕላስቲክ ነበረ፤ መንገዱን ሁሉ የመጡት ጉልበታቸውን ወደ በሩ አጋድለው ነው። አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሜትር ሳልይዝ መኪና ለማየት ሄጄ አላውቅም።

ቁጥሩ የሚለካው ምንድን ነው

በተለይ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የሚወጡት የውስጥ ስፋት ቁጥሮች የሚሰሉት፣ ኤስኤኢ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ጄ1100 በተባለ ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት የእግር ቦታ ማለት በወንበሩ ላይ የተቀመጠን ሰው ከሚወክል የመለኪያ አካል ቁርጭምጭሚት እስከ ዳሌው መታጠፊያ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ሲሆን፣ በዚያ ላይ 254 ሚሊ ሜትር ይደመርበታል። የፊቱ ልኬት የሚወሰደው ወንበሩ በሐዲዱ ላይ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ ነው። ስለዚህ አምራቹ በአዲሱ ንድፍ የወንበሩን ሐዲድ በሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያስረዝም፣ መኪናው የጣት ስፋት እንኳ ሳያድግ የፊቱ የእግር ቦታ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ ይጻፋል። ረጅም ሾፌር ያንን ጭማሪ በተጠቀመበት ቁጥር ደግሞ ቦታው የሚቀነሰው ከኋላው ከተቀመጠው ሰው ጉልበት ፊት ነው።

የኋላው ቁጥርም እንዲሁ ከቁርጭምጭሚት እስከ ዳሌ ያለውን ርቀት እንጂ ጉልበት ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ምን ያህል እንደሚርቅ አይናገርም። እግር ከፊተኛው ወንበር ሥር ጠልቆ መግባት ከቻለ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ቁጥሩ ይረዝማል፤ በዚያው መኪና ጉልበት ከወንበሩ ጀርባ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። የጉልበትን ክፍተት ለብቻው የሚገልጽ ልኬት በደረጃው ውስጥ አለ፤ ሆኖም ገዢው በሚያነበው ገጽ ላይ እምብዛም አይወጣም። በእኔ እምነት ከሁሉም በፊት መጻፍ የነበረበት እርሱ ነበር።

ቁጥርን ከቁጥር ጋር ብቻ ማወዳደር ምን ያህል እንደሚያሳስት የቶዮታ ኮሮላ ሴዳን ጥሩ ማሳያ ነው። በአሜሪካ ገበያ የ2019 ሞዴሉ የኋላ የእግር ቦታ 41.4 ኢንች ማለትም 105 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተብሎ ተጽፎ ነበር። በአዲስ መልክ የተሠራው የ2020 ሞዴል ደግሞ 34.8 ኢንች ወይም 88 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። በወረቀት ላይ 17 ሳንቲ ሜትር ጠፍቷል ማለት ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ግን በሁለቱም 2.70 ሜትር ነው። ይህን ያየ ሰው መጠየቅ ያለበት መኪናው ምን ያህል ጠበበ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ የፊት ወንበሩ የት ላይ ሆኖ፣ እግሩስ የት አርፎ ተለካ የሚለውንም ጭምር ነው። መልሱን ከወረቀቱ ስለማያገኝ ሁለቱም መኪኖች ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ይኖርበታል።

ወረቀቱን ጨርሶ መጣል አያስፈልግም። የፊቱንና የኋላውን የእግር ቦታ ደምሮ ድምሩን ከሌላ መኪና ድምር ጋር ማወዳደር፣ አንዱን ብቻ ከማየት የተሻለ ግምት ይሰጣል፤ የሐዲዱ መርዘም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ቦታ በድምሩ ውስጥ በከፊል ስለሚካካስ ነው። መኪናው በየትኛው የመጠን ክፍል እንደተመደበ የሚናገረው ቃል ግን ብዙም አይጠቅምም። ለምሳሌ በአሜሪካ የመንግሥት አመዳደብ አንድ ሴዳን «ትልቅ» የሚባለው የተሳፋሪው ክፍልና የዕቃ መጫኛው ተደምረው 120 ኪዩቢክ ጫማና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሻንጣ በብዛት የሚይዝ መኪና ለጉልበት ሳይመች በዚያ ክፍል ሊገባ ይችላል።

ዊልቤዝና ወለል

በወረቀት ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ለተሳፋሪው የሚበጀው ዊልቤዝ ነው፤ ይህም ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት ነው። ጠቅላላ ርዝመት የተጨመረው በኮፈኑ ወይም በኋላ መከላከያው በኩል ከሆነ ተሳፋሪው ምንም አያገኝም፤ ዊልቤዙ ሲረዝም ግን ጭማሪው ወደ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2013 ኮሮላ በአዲስ መልክ ሲሠራ ዊልቤዙ ከ2.60 ወደ 2.70 ሜትር አድጎ ነበር፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው በአካሉ የሚያውቀው ለውጥ እንዲህ ያለው ነው።

ዋናው ነገር መኪናው ከርዝመቱ ምን ያህሉን ለሰው ሰጠ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣውን ሚኒ የነደፈው አሌክ ኢሲጎኒስ ሞተሩን በአግድም አስቀምጦ፣ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር አስገብቶ፣ ትንንሾቹን ጎማዎች ወደ አራቱ ማዕዘኖች ገፍቶ፣ ርዝመቱ 3.05 ሜትር ገደማ በሆነ መኪና ውስጥ አራት አዋቂዎችን ማስቀመጥ ችሏል። የዛሬዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በተመሳሳይ መንገድ እየሄዱ ነው። ሞተራቸው ትንሽ ስለሆነ ፊታቸው ያጥራል፤ ባትሪው ደግሞ በወለሉ ሥር ይነጠፋል። ሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ርዝመቱ 4.64 ሜትር ያህል ሆኖ ዊልቤዙ 3 ሜትር ሲሆን፣ የዚያው አምራች የመጀመሪያው ትውልድ ፓሊሴድ ርዝመቱ 4.98 ሜትር ሆኖ ዊልቤዙ ግን 2.90 ሜትር ነው። ሰላሳ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚያጥረው መኪና በጎማዎቹ መካከል በአሥር ሳንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ባትሪው የሚወስደው ነገር አለ፤ ብዙ ገዢዎች የማያስተውሉትም ይህንን ነው። ከወለሉ ሥር የተነጠፈ ባትሪ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል። ጣሪያውንና ወንበሩን በዚያው ልክ ከፍ ካላደረጉት የኋለኛው ተሳፋሪ ጉልበት ወደ ላይ ይነሣል፣ ጭኑም ከወንበሩ ይለያል፤ ሰውየውም በአጭር በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ሆኖ ይጓዛል። ፊት ለፊቱ ሰፊ ክፍተት እያየ ለምን እንደደከመው አይገባውም። ዝቅ ብሎ የተሠራው ፖርሽ ታይካን ከኋለኞቹ ተሳፋሪዎች እግር ሥር ባትሪው እንዲጎድል ተደርጎ የተነደፈው ይህንን ለማስቀረት ነው። በቤንዚን በሚሠሩ መኪኖች በኩል ደግሞ የኋላ ጎማዎችን የሚነዳው ዘንግ በሚያልፍበት መሃል ወለሉ ወደ ላይ ስለሚያብጥ፣ ችግሩ በተለይ መሃል በሚቀመጠው ሰው ላይ ይወድቃል።

አንድ ስም ብዙ መኪና ሊሆን እንደሚችልም መርሳት አይገባም። የኮሮላ ሴዳን ዊልቤዝ 2.70 ሜትር ሲሆን በዚያው ትውልድ የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈተው አጭሩ ኮሮላ 2.64 ሜትር ነው። አውዲ፣ ቢኤምደብሊውና መርሰዲስም ለቻይና ገበያ ዊልቤዛቸው የረዘመ ሞዴሎችን ያቀርባሉ፤ የተጨመረውም ርዝመት ለኋለኛው ተሳፋሪ የሚውል ነው። ስለዚህ ስለ ሞዴሉ ያነበቡት ግምገማ እርስዎ ሊገዙት ስላሰቡት መኪና መሆኑን ዊልቤዙን በማመሳከር ያረጋግጡ።

በአካል መፈተሽ

ከቤትዎ ሳይወጡ አንድ ነገር ይለኩ። ከቤተሰቡ ረጅም የሆነውና ከኋላ ሊቀመጥ የሚችለው ሰው ቀጥ ባለ ወንበር ላይ ጀርባውን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ይቀመጥ፤ ከግድግዳው እስከ ጉልበቱ ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩና ይመዝግቡት። ለአብዛኛው አዋቂ ከ55 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። አሁን ያለዎት መኪና ካለም፣ የፊት ወንበሩን እንደተለመደው ትተው ከኋላ ወንበር መደገፊያ እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ ያለውን ርቀት በጉልበት ከፍታ ላይ ይለኩ፤ ሰውየው የለመደውና የሚያውቀው መለኪያ ይህ ስለሆነ አዲሱን ለመመዘን ከማንኛውም መግለጫ ይበልጣል።

መኪናውን ለማየት ሲሄዱ ዘወትር የሚነዳው ሰውና ያ ረጅም ሰው አብረው ይሂዱ። ሁለቱም በጉዞ ላይ የሚያደርጉትን ጫማ ያድርጉ። ለዕይታ በቆመ መኪና የፊት ወንበሩ ወደ ፊት ተገፍቶ ቆሞ ከሆነ የኋላው ክፍል ከእውነቱ በላይ ሰፊ መስሎ ስለሚታይ፣ በሩን ከፍተው በሚያገኙት የመጀመሪያ ስሜት አይወስኑ። በቅድሚያ ሾፌሩ ገብቶ ወንበሩን ያስተካክል። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ጉልበቱ በመጠኑ መታጠፍ አለበት፤ ትከሻው ከመደገፊያው ሳይለቅ የእጁ አንጓ የመሪውን የላይኛ ጠርዝ ሊነካ ይገባል። በደረቱና በመሪው መካከልም ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር፤ የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት ባለሥልጣን ይህን ርቀት የሚመክረው ኤርባጉ ሲፈነዳ ሾፌሩን እንዳይጎዳው ነው። ለኋለኛው ሰው ቦታ ለመልቀቅ ሲባል ሾፌሩ ወደ መሪው መጠጋት የለበትም፤ መኪናው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ ካልቻለ ያንን አሁኑኑ ማወቅ ይሻላል።

ሾፌሩ ከተስማማው በኋላ ወንበሩ አይነካ። ረጅሙ ሰው ከእርሱ ኋላ ይግባ፤ ሲገባም አገባቡን ይመልከቱ። የኋላ ጎማው መከለያ ወደ በሩ ክፍት ገብቶ ከሆነ ወይም ጣሪያው ወደ ኋላ ካዘቀዘቀ፣ ሰውየው አንገቱን ሰብሮ እግሩን በጫማው ጫፍ እየፈለገ ይገባል፤ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ከእግር ቦታው ይልቅ ይህ የበለጠ ያስቸግራቸዋል። ዳሌው እስከ መደገፊያው ድረስ ገብቶ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ እጅዎን በጉልበቱና በፊተኛው ወንበር ጀርባ መካከል ያስገቡ። አራት ጣት ጎን ለጎን በነፃነት ከገባ ለረጅም መንገድ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ጣት ብቻ ከገባ ከተማ ውስጥ ያገለግላል፤ ከዚያ ካነሰ ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ጉልበቱ ይነካል። ቀጥሎ ጉልበቱ የሚደርስበትን የወንበር ጀርባ በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት። በአዳዲስ ንድፎች የወንበሩን ጀርባ ማሳሳትና በጉልበት ትይዩ ወደ ውስጥ ማጎድጎድ የተለመደ ሆኗል፤ ይህ ጥቂት ሳንቲ ሜትር በእርግጥ ይጨምራል፤ የሳሳው ጀርባ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ ያተረፈውን መልሶ ይወስደዋል።

ከዚያ ሾፌሩ ወንበሩን ወደ ታች እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርገው። ይህን ብዙ ሰው አይፈትሸውም። ወንበሩ ከፍ ብሎ ሳለ ከሥሩ እግር በቀላሉ ይገባ የነበረበት ቦታ፣ ወንበሩ ሲወርድ የጫማውን አፍንጫ እንኳ ላያስገባ ይችላል፤ በሐዲዱ፣ በአየር ማስተላለፊያ ቱቦው ወይም በወንበሩ ሞተር የተያዘ መሆኑንም በእጅዎ ዳብሰው ይወቁ። እግር ወደ ፊት መዘርጋት ካልቻለ ጉልበት ወደ ላይ ስለሚወጣ የእግር ቦታው በሙሉ ይበላሻል። የጭን ድጋፍ የሚታወቀው መዳፍን ከጉልበት አጠገብ ከጭኑ ሥር በማስገባት ነው። መዳፍዎ ምንም ሳይነካው ካለፈ የሰውየው ክብደት በሙሉ በመቀመጫ አካሉ ላይ አርፏል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መቁነጥነጥ መጀመሩ አይቀርም። በተለይ ለኤሌክትሪክ መኪና ይህን ፍተሻ በምንም ምክንያት አይዝለሉት።

የጭንቅላት ቦታ የሚፈተሸው የጭንቅላት መደገፊያው በትክክለኛው ከፍታ ተስቦ፣ ሰውየውም ወደ ኋላ ተደግፎ ነው። ጣሪያው የሚከፈት መስታወት ያለበት መኪና ከሌለበት ይልቅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ የሚፈትሹት መኪና ሊገዙት ካሰቡት ጋር በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ከኋላ ሦስት ሰው የሚጓዝ ከሆነ ሦስት ሰው ያስቀምጡ። ስለ እግር ቦታ ብዙ ይወራል፤ ሦስት አዋቂዎችን የሚያጣላው ግን አብዛኛውን ጊዜ የትከሻ ስፋት ነው። መሃል የተቀመጠው ሰው ሁለት እግሮቹን የት እንደሚያደርግ፣ ከፊት ወንበሮች መካከል ወደ ኋላ የወጣው የዕቃ ማስቀመጫ ጉልበቱን ይነካው እንደሆነ፣ ሦስቱም የደህንነት ቀበቷቸውን ሳይቸገሩ ማሰር መቻላቸውን ይመልከቱ። በሮቹ ተዘግተው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቀመጡ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የማይመች ወንበር ማግኘት ይከብዳል።

ሕፃን ልጅ ካለዎት የልጁን ወንበር ይዘው ይሂዱና ይግጠሙት። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚገጠመው የጨቅላ ወንበር ጋድሎ ስለሚቀመጥ ከአዋቂ ሰው ጉልበት የበለጠ ርዝመት ሊወስድ ይችላል፤ ከፊቱ የሚቀመጠው ሰው ምን ያህል ወደ ዳሽቦርዱ እንደሚጠጋ ወንበሩ ካልተገጠመ አይታወቅም። ሦስት ረድፍ ወንበር ባለው መኪና ፍተሻው ከፊት ወደ ኋላ በተራ ይሄዳል፦ ሾፌሩ ያስተካክላል፣ ሁለተኛው ረድፍ ለተቀመጠበት ሰው በሚበቃው ልክ ይሳባል፣ ለሦስተኛው ረድፍ የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የኋላ ወንበሩ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ለአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ ይጠንቀቁ። የተጻፈው የእግር ቦታ ወንበሩ ወደ ኋላ ተስቦ፣ የተጻፈው የዕቃ መጫኛ መጠን ደግሞ ወንበሩ ወደ ፊት ተገፍቶ የተለካ ሊሆን ይችላልና፣ ወንበሩን ለረጅሙ ሰው በሚመች ቦታ ካቆሙት በኋላ የራስዎን ሻንጣዎች ከኋላ ይጫኑ። በሊትር የሚጻፈው የዕቃ መጫኛ መጠን በአውሮፓ የሚለካው 20 በ10 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሊትር የሚይዙ ጡቦችን በመደርደር ነው፤ ትንንሽ ጡብ የሚገባበት ጥግና ስርጉድ ሁሉ ሻንጣ አያስገባም።

ሁለተኛውን መኪና ስገዛ አባቴን ይዤ ሄድኩ። የእርሳቸው ልክ 64 ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ቤት ለክቼ ጽፌ ነበር። ወንበሬን አስተካክዬ ወርጄ በሩን ስከፍትላቸው ገብተው ተቀመጡ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ እጄን በጉልበታቸውና በወንበሩ ጀርባ መካከል አስገባሁ። አራቱም ጣቶቼ ገቡ። እርሳቸው ግን ከዚያ በኋላም ሳይወርዱ በሩን ዘግተው ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጡበት፤ ሲወርዱ የበሩን ጠርዝ አልያዙም።